አራት ጨዋታ አንድ ነጥብ! ኧረ የኮሌጃችንን ቡድን ምን ነካው?

ባለከበሮው፦

እንደምን ሰነበታችሁ ጎበዝ። እኔ ያ ከበሮ የምመታው ልጅ ነኝ፣ ከሜዳው በስተግራ ከባህር ዛፉ ስር የምንቆመው። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም በዚህ ሰዓት ባያውቀው ይሻለዋል። ረቡዕ 3 ለ 0 ከቀመስን በኋላ ከሜዳ እስከ ጎንደር ፒያሳ በእግሬ ነው የወጣሁት፣ ባጃጅ ብገባ ሹፌሩ ከበሮውን አይቶ "ስንት ለስንት ወጣችሁ" ማለቱ አይቀርማ፣ ምን ልበለው።

ለማያውቅ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አንደኛው ጨዋታ 1 ለ 0 ተሸነፍን፣ እሺ መክፈቻ ነው ገና አልተሟሟቁም አልን። ሁለተኛው ላይ ስንመራ ስንመራ ቆይተን 88ኛው ደቂቃ ላይ ገባብንና 1 ለ 1 ወጣን። ሶስተኛው 2 ለ 0። ረቡዕ ይሄው 3 ለ 0። አራት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ አንድ ጎል፣ እሷንም በቴስታ ያገባት ተከላካያችን ነው፣ አጥቂዎቻችን እስካሁን ከመረብ ጋ አልተዋወቁም። ከስምንት ቡድን ስምንተኛ ነን።

የሚያሳብደኝ ደግሞ ይሄ ቡድን አምና ግማሽ ፍፃሜ የገባ ቡድን መሆኑ ነው። ተመርቀው የወጡት ሶስት ልጆች ብቻ ናቸው፣ ሌላው ያው ነው። ሰነፎች እንዳትሏቸው፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ብታዩአቸው እንደ ንብ ነው የሚወሩት ሰውየው ኳስ ሲነካ ሶስት ሆነው ይደርሱበታል እኛም ከበሮውን እናቀልጠዋለን፣ ከዚያ ከእረፍት ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነው የሚመጡት፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ኳሱን በአይን ይሸኙታል። አንዱን ልጅማ ረቡዕ "ሩጥ እንጅ!" ብዬ ስጮህበት ዞር ብሎ ያየኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም፣ የተቆጣ ሰው አስተያየት አይደለም፣ የደከመ ሰው ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ፣ ችግሩ አሰልጣኙ ነው? ልጆቹ ናቸው? ወይስ እኛ ቸኩለን እያሟረትን ነው? ገና 10 ጨዋታ ይቀራል፣ እስከ አራተኛ የወጣ ግማሽ ፍፃሜ ይገባል፣ አራተኛ ላይ ያለው ቡድን ደግሞ 6 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ተስፋ ልቁረጥ ወይስ የከበሮውን ጠፍር ላስጠብቅ? ላልቶብኛል።


ሳሙና በር፦

አሰልጣኙ። በቃ ጨረስኩ።

እሺ አልጨረስኩም። ሰውየው በአራት ጨዋታ አንድ ጊዜ እንኳን ሲስተም ሲቀይር አይታችኋል? 2 ለ 0 እየተመራ ያው ነው 3 ለ 0 እየተመራም ያው ነው፣ ቆሞ "ተጫነው ተጫነው" ይላል፣ ማንን ነው የሚጫኑት ልጆቹ መቆም አቅቷቸው። ሌላ ቦታ ቢሆን ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ይሸኝ ነበር። እኛ ግን ይሉኝታ ነው የገደለን፣ መምህር ነው እከሌ ነው ጥሩ ሰው ነው። ጥሩ ሰውማ የኔም አጎት ጥሩ ሰው ነው፣ ያሰልጥና!


መድፈኛው ከአራዳ፦

ሳሙና በር ረጋ በል ወንድሜ፣ አንተ ባለፈው ዓመትም በመክፈቻው አባረኸው ነበር ከዚያ ግማሽ ፍፃሜ ሲገባ ትከሻህ ላይ ተሸክመኸው ፎቶ አለኝ።

ባለከበሮው አይዞህ። የአርሰናል ደጋፊ ነኝና ስለመሰቃየት እኔን ጠይቀኝ። በነሱ አቆጣጠር 2021 ነሐሴ ላይ ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ? ብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ ቼልሲ 2 ለ 0፣ ሲቲ 5 ለ 0። ሶስት ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል፣ ዘጠኝ ገብቶብን የደረጃው ስር ተዘርግተን ነበር፣ ያኔ ፒያሳ ቤቱ ውስጥ ማልያዬን በጃኬት ሸፍኜ ነው ማኪያቶ ያዘዝኩት። ሁሉም አሰልጣኙ አርቴታ ይባረር አለ እኔም ብያለሁ አልዋሽም። መጨረሻ ላይ ግን በ69 ነጥብ አምስተኛ ሆነን ጨረስን፣ ከአራተኛው በ2 ነጥብ አንሰን። ስፔንም በ2010 ዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታዋን በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ተሸንፋ ነው ዋንጫ የበላችው፣ አርጀንቲናም በኳታሩ በሳዑዲ ተሸንፋ ጀምራ። ስለዚህ ጠፍርህን አስጠብቅ።


ሳሙና በር፦

አርሰናል ራምስዴልንና ቶሚያሱን ገዝቶ ነው የዳነው፣ እኛ ማንን ነው የምንገዛው? ፍሬሽ?


የድሮ ደጋፊ፦

ልጆቼ፣ ጣልቃ ብገባ ይቅር በሉኝ፣ ልጄ እዚያ ኮሌጅ ስለምትማር ሁለቱን ጨዋታ መጥቼ አይቻለሁ። እኔ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ነኝ፣ አፄዎቹ 2009 ላይ ፕሪሚየር ሊግ ሲገቡ ስታዲየሙ ውስጥ ቆሜ ነበር፣ ከዚያ በፊትም ማንም ሳያያቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ። 2011 ላይ ሊጉን ልንበላ ተቃርበን በመጨረሻ ከእጃችን አምልጦ ሁለተኛ ወጣን፣ ያን ቀን ይሄ ከተማ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው፣ የጥሎ ማለፉን ዋንጫ በዚያው ዓመት ብናገኝም ቁስሉ አልሻረም። በሚቀጥለው ዓመት ኮሮና መጣና ሊጉ ተሰረዘ። በ2013 ነው እንግዲህ በአሰልጣኝ ስዩም ከበደ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው፣ እሱንም በቴሌቪዥን ነው ያየነው፣ ውድድሩ አዲስ አበባ ጅማ ባህር ዳር ድሬዳዋ ሀዋሳ እየዞረ ሲካሄድ አንድም ጨዋታ እዚህ በቤታችን ሳይደረግ። ሻምፒዮን ሆኖ በሜዳው ያልታየ ቡድን! እናንተ ግን ሜዳችሁ ከደጃችሁ ነው፣ ልጆቹ ስትጮሁ ይሰሟችኋል። ስድብም ስትሳደቡ ይሰሟችኋል።

ረቡዕ ከኋላዬ የነበሩት ልጆች የበረኛውን እናት ሲያነሱ ሰምቻለሁ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል እንጅ እሱማ ጨዋታ አይደለም።


ባለከበሮው፦

ጋሼ እናመሰግናለን። ስድቡን እኔም ሰምቻለሁ፣ ከኛ ወገን አይደሉም ብዬ ልምል ነበር ግን ሁለቱ ከኛ ወገን ናቸው። ይቅርታ።


ደብተሬ፦

እኔ እስካሁን ዝም ያልኩት ደብተሬን ዶርም ረስቼው ስለነበር ነው። ሳቁ ግድ የለም፣ ከአምና ጀምሮ የእያንዳንዱን ጨዋታ ደቂቃ እመዘግባለሁ፣ ማን ገባ ማን ወጣ ኮርነር ስንት ምናምን። እስቲ ጎሎቹን ብቻ ልጻፍላችሁ፦

በአንደኛው 78ኛው ደቂቃ። በሁለተኛው 88ኛው። በሶስተኛው 35ኛውና 70ኛው። ረቡዕ 20ኛው፣ 65ኛው፣ 84ኛው።

ሰባት ጎል ነው የገባብን። ከሰባቱ አምስቱ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ። ጨዋታ ሁሉ 60ኛው ላይ ቢያልቅ ኖሮ አንደኛውን 0 ለ 0 እንወጣ ነበር፣ ሁለተኛውን 1 ለ 0 እናሸንፍ ነበር (ጎላችን የገባችው 41ኛው ላይ ነው)፣ ሶስተኛውንና አራተኛውን 1 ለ 0 እንሸነፍ ነበር። አራት ነጥብ ማለት ነው። አራት ነጥብ ይዞ ማንም አሰልጣኝ ይባረር አይልም ሳሙና በርም ጭምር።

ስለዚህ ጥያቄው "ቡድኑ ምን ነካው" ሳይሆን "ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ምን ይነካዋል" ነው። እኔ መልሱን የማውቅ ይመስለኛል ግን ብናገረው ትቆጣላችሁ ብዬ ፈርቼ ነው።


ሳሙና በር፦

ተናገሪው


ደብተሬ፦

እሺ። ጨዋታው መቼ ነው? ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት። ረቡዕ ምንድነው? ጾም ነው፣ ህዳር 15 ነቢያት ከመግባቱ በፊትም ረቡዕ ያው ረቡዕ ነው። ከአስራ አንዱ ልጆች ስምንቱን አውቃቸዋለሁ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ በአፋቸው አይዞርም። በ9 ሰዓት ካፌ ይገባሉ፣ እንጀራ በሽሮ ይበላሉ፣ ቢቀር ቢቀር ሁለት ጭልፋ ሽሮ ነው እሱ፣ በ9 ተኩል ታኬታ ያስራሉ፣ በ10 ሰዓት ይሮጣሉ። ማታ ከበሉት ራት ጀምሮ ምንም ያልገባበት ሰውነት ነው፣ የገባውም ሽሮ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚሮጠው፣ ውሃ ደግሞ አንድ ሰዓት ሲቀር ብቻ መጠጣት ቀኑን ሙሉ የቀረውን አይተካም።

ጾሙን ይተዉ አላልኩም!!! ደግሜ እጽፈዋለሁ አላልኩም። እኔም ጿሚ ነኝ። እያልኩ ያለሁት ሰውየው እያስጫወታቸው ያለው አጨዋወት ቁርስና ምሳ በልቶ ሶስት ወር ለተዘጋጀ ቡድን የሚሆን ነው ነው። ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ወደ ላይ ወጥተው ይጫናሉ፣ ባለከበሮው እንደ ንብ ያልከው እሱ ነው፣ ያቺን ያለቻቸውን ጉልበት በ30 ደቂቃ ይጨርሷታል። ከዚያ ጎል ሳያገቡ እረፍት ይወጣሉ። ከዚያ ያው።


ኮብልስቶን፦

እህቴ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር አልገባኝም፣ ሌሎቹ ቡድኖች አይጾሙም እንዴ? ይሄ ጎንደር እኮ ነው፣ 44ቱ ታቦት ሀገር። ሽሮ የምትበላው የኛ ቡድን ብቻ ናት? ያሸነፈንም ጾሞ ነው ያሸነፈን።


ደብተሬ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ሌሎቹም ይጾማሉ። ግን ረቡዕ የገጠመን ቡድን አምስቱንም ቅያሪ ተጠቅሟል፣ ሶስቱን 58ኛው ላይ በአንዴ ነው ያስገባቸው፣ 65ኛውን ጎል ያገባው ልጅ ተቀይሮ ከገባ ሰባት ደቂቃው ነው። እኛስ? በአራት ጨዋታ 20 ቅያሪ ይፈቀድልናል። ስንት ተጠቀምን? ስድስት። ከስድስቱ ሁለቱ ተጎድተው ስለወጡ ነው፣ አንዱ ደግሞ 90ኛው ላይ ሰዓት ለማባከን ነው፣ ያውም 88ኛው ላይ አቻ ሆነን ምኑን እንደምናባክን ፈጣሪ ይወቀው።

አምስት ቅያሪ ድሮ አልነበረም፣ በኮሮና ጊዜ ለጊዜው ብለው ነው ያመጡት ተጫዋች እንዳይጎዳ፣ ከዚያ በ2014 ሰኔ ላይ ቋሚ ህግ አደረጉት። ህጉ ለደከመ ሰውነት የመጣ ነው፣ ከኛ የበለጠ ማን ይፈልገዋል?

ደግሞ እነሱ ወደ ላይ ወጥተው አይጫኑም። ከመሀል ሜዳ በታች ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቁን፣ እኛ እስክንደክም። ያ ነው ልዩነቱ።


መድፈኛው ከአራዳ፦

ሴትዮዋ አሰልጣኝ ትሁንልን በቃ


የድሮው 6 ቁጥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ኮሌጅ ተጫውቼ ነው የተመረቅኩት፣ ሶስት ዓመት አማካይ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ሙስሊም ነኝ፣ ረመዳን ውድድር መሀል ሲገባብን በጾም ስለመጫወት የተማርኩት አለና ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለማንም አልነገርኩም። ከነገርኩ ያስቀምጠኛል ብዬ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳስ ሁለት ሆና ትታየኝ ጀመር፣ የምሬን ነው፣ የትኛዋን እንደምመታ ሳስብ ሰውየው ይዟት ሄደ። ጎል ሆነ። ከዚያ በኋላ ያኔ የነበረውን አሰልጣኝ ሄጄ ነገርኩት፣ ሰውየው ምንም አላለም፣ በሚቀጥለው ጨዋታ "አንተ 60 ደቂቃ ብቻ ነው የምትጫወተው፣ ስለዚህ የ90ውን በ60 አድርገው" አለኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ወደ ፊት መውጣት ቀነስኩ፣ ሁለቱ ተከላካዮች ፊት ቁጭ አልኩ፣ ኳሱን ወደኔ ያመጡታል እንጅ እኔ አልከተለውም።

ሱሁር ላይ፣ ጾሙ ሳይጀምር ሌሊት፣ የምንበላውም ወሳኝ ነው። እናቴ በሶ በማር በጥብጣ ትሰጠኝ ነበር፣ ቴምር፣ ሙዝ፣ ውሃ ደግሞ አንዴ ጎርፍ አድርጎ ሳይሆን ቀስ እያሉ። የናንተም ልጆች ሌሊቱን ሳይሆን ማታውን ይጠቀሙበት፣ ማክሰኞ ማታ እስከ እንቅልፍ ድረስ ደህና አድርገው ይብሉ ይጠጡ። ረቡዕ በ9 ሰዓት ደግሞ ሽሮውን ይተዉት፣ ዳቦ በማር ማር ካልተገኘ በማርማላታ፣ ሙዝ፣ በሶ፣ እነዚህ ቶሎ ይፈጫሉ። ሽሮውን ከጨዋታ በኋላ በድስቱ ይብሉት።

በትልቁ ሊግም እኮ አለ ነገሩ። ፋሲል ሻምፒዮን በሆነበት በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ ፀሀይ እንደጠለቀች የጎል ምት ላይ ጨዋታውን ቆም አድርገው የሌስተሩ ተከላካይ ፎፋና አፍጥሯል፣ የፓላስ በረኛ ሆን ብሎ ኳሷን ሳይመታ ጠብቆት። ሚሊዮን የሚበላው ተጫዋች ጨዋታ መሀል አፍጥሮ ከተመለሰ የኛ ልጆች ምን ያሳፍራቸዋል።


ኮብልስቶን፦

6 ቁጥር በረከት ሁን። ቅሬታዬን አንስቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ሁለቱ አዲስ ልጆች ከቆላ የመጡ ናቸው፣ ግራ መስመሩና ያ ረጅሙ አጥቂ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ከታች የመጣ ሰው ትንፋሹ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል፣ እነሱ ተመዝግበው በሁለተኛው ሳምንት ነው ማልያ የለበሱት። አጥቂው ጎል ሳተ ብላችሁ ስትጮሁ እሱ አየር ነው የሚፈልገው።


ሳሙና በር፦

ቆይ ቆይ። ይሄ ሁሉ ትክክል ነው እንበል። ታዲያ ይሄን ማወቅ የማን ስራ ነው? የአሰልጣኙ አይደለም? ልጁ በልቶ ይሁን ሳይበላ የሚጫወተው የማያውቅ አሰልጣኝ ምን ያውቃል? እንዲያውም አሁን ነው የባሰብኝ።


ተቀያሪ ወንበር፦

ስሜን አልናገርም፣ ቡድኑ ውስጥ ነኝ። ስሜም ምልክት ነው፣ በአራት ጨዋታ ማልያዬ አልቆሸሸችም።

አሰልጣኙ አያውቅም ያላችሁት እውነት ነው። ግን ያላወቀው እኛ ስላልነገርነው ነው። አንድ ጊዜ ልምምድ ላይ "በልታችኋል?" ብሎ ጠይቋል፣ ሁላችንም በአንድ ድምፅ "አዎ" አልን፣ ካፒቴኑ ጭምር፣ እሱ በዚያ ቀን ውሃም አልቀመሰም። ለምን ብትሉ አንደኛ አልበላሁም ያለ ይቀመጣል ብለን ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ጾሜን አሳብቦ ሊያርፍ ነው እንዳይባል፣ ሶስተኛ እኔን ጨምሮ አራታችን ነን ካፌ ነን (በካፌው ምግብ ፋንታ ብር የምንቀበል)፣ ወርሃዊ ብራችን እስከ ወር አጋማሽ አትደርስም፣ ስለዚህ አንዳንድ ቀን ጾሙ ነው አንዳንድ ቀን ኪሳችን ነው። ይሄን ማን ይናገራል። እዚህ ስሜ ስላልተጻፈ ነው።

ረቡዕ ከእረፍት በፊት የቀኝ ተከላካያችን ከጎሉ ኋላ ሄዶ ሲያስመልስ አይቻለሁ፣ ሽሮዋ እንዳለች። አፉን ጠርጎ ተመለሰ። ባለከበሮው "ሩጥ እንጅ" ያልከው እሱን ነው።

ሌላው ልምምዳችን ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት ዳገት ሮጠን ረቡዕ እንጫወታለን፣ እግራችን ድንጋይ ነው። አሰልጣኙ ክፉ አይደለም፣ አንድ ሳንቲም አይከፈለውም ለዚህ ስራ፣ ፋሻና የጡንቻ ቅባቱን የሚገዛው ከኪሱ ነው። ግን በሱ ጊዜ የተማረው ጠንክሮ መሮጥን ነው፣ ስንደክም ያልሮጥን ይመስለዋል፣ ሲመስለው ልምምድ ይጨምራል።

ቅያሪ የማያደርገውም እኛን ስለማያምነን ነው፣ እሱንስ አልፈርድበትም፣ ሁላችንም በልምምድ ላይ አስቀያሚ ነን።


ባለከበሮው፦

ወንድሜ ይሄን ሳነብ ከበሮውን አልጋ ስር ነው የከተትኩት። ንገረው ለቀኝ ተከላካዩ፣ እኔ አላወቅኩም። ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እነግረዋለሁ።


የድሮ ደጋፊ፦

ልጆቼ አንድ ሀሳብ። ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት እንጅ ከእህል ውሃ አይጾምም፣ ይሄን የንስሐ አባት ሳትጠይቁም ታውቁታላችሁ። ጨዋታው ከረቡዕ ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ቢዞር ልጆቹ ጠዋት በልተው ምሳም በልተው ይገባሉ፣ የናንተ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ቡድን። ሜዳውን ጠዋት ጠዋት የሚይዙት የጤና ቡድኖች ናቸው፣ እኔም አንዱ ውስጥ አለሁ፣ እኛ ከ3 ሰዓት በኋላ እንወጣለን፣ ጉልበታችንም ከዚያ አያልፍም። ከሰዓት ባዶ ነው። ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጻፉ፣ ግን ብቻችሁን ሳይሆን ከሌሎቹ ሰባት ኮሌጆች ጋ ሆናችሁ፣ የተሸነፈ ብቻውን ሲጮህ ሰበብ ነው የሚመስለው።


ኮብልስቶን፦

ቅዳሜ ከሰዓት የኤክስቴንሽን ተማሪ አለ በአንዳንዱ ኮሌጅ፣ ሁለት ተጫዋቾቻቸው የኤክስቴንሽን የሆኑ አውቃለሁ። እሁድ ይሻል ይሆናል ከቅዳሴ በኋላ። ግን ቢፈቀድም እስከ ገና የሚቀረው ጊዜ ትንሽ ነው፣ ከዚያ ጥምቀት መጣ ከተማው ሲሞላ ውድድሩም ያርፋል። የሚቀጥለው ረቡዕ ግን እንዳለ ነው፣ ለሱ ምን እናድርግ?


ደብተሬ፦

ለሚቀጥለው ረቡዕ ሶስት ነገር ብቻ፣ ደብዳቤ የማይፈልግ። የማክሰኞው ዳገት ይቅር። በ9 ሰዓት ሽሮ ሳይሆን ሙዝና ዳቦ። የመጀመሪያዎቹን 30 ደቂቃ ከመሀል ሜዳ በታች ቁጭ ብለን እንጠብቅና ቅያሪው 55ኛው ላይ ይጀመር፣ አስቀያሚም ብትሆኑ ተቀያሪ ወንበር፣ ያላለቀ እግር ካለቀ ቆንጆ እግር ይሻላል።

ደብተሩን ገልብጬ ጽፌዋለሁ በንጹህ ወረቀት። ለአሰልጣኙ የሚሰጥልኝ ወንድ ልጅ እፈልጋለሁ ማለቴ አይደለም፣ እኔም መስጠት እችላለሁ፣ ግን ካፒቴኑ አብሮኝ ቢመጣና "አልበላንም ነበር" ብሎ በአፉ ቢናገር ይሻላል።


ተቀያሪ ወንበር፦

ካፒቴኑን ለምኜዋለሁ። መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ማታ ዶርም መጥቶ "ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው" አለኝ።


ባለከበሮው፦

ጎበዝ ከሰዓት ሄደው ነበር እኔም ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ የሆነውን ልንገራችሁ። አሰልጣኙ ወረቀቱን ተቀብሎ ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደገና አነበበው። ካፒቴኑ የሚናገረውን ተናገረ፣ አንገቱን ደፍቶ። ሰውየው ብዙ ዝም አለ እኔማ ሊጮህ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ለደብተሬ "65ኛው ነው ወይስ 66ኛው ሁለተኛው ጎል የገባው?" አላት። 65ኛው አለችው። "እኔ 70 አካባቢ መስሎኝ ነበር" ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ማክሰኞ ዳገት የለም አለ፣ ስለ ቅያሪው አያለሁ አለ፣ ስለ ሙዙ ደግሞ ገንዘብ የለኝም አለ።

ስለዚህ 18 ልጅ ነው፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ሙዝ፣ ዳቦ ደግሞ አንድ አንድ። አንድ ማሰሮ ማር የድሮ ደጋፊ ጋሼ እሰጣለሁ ብለዋል በውስጥ መስመር። የቀረውን ማን ይያዝ?


መድፈኛው ከአራዳ፦

ዳቦውን እኔ፣ ቤታችን አጠገብ ዳቦ ቤት አለ ትኩስ አመጣለሁ


ሳሙና በር፦

ሙዙን እኔ አመጣለሁ። ግን ይሰመርበት፣ ችግሩ አሁንም አሰልጣኙ ነው።


ደብተሬ፦

ይሁንልህ። ስንት ኪሎ ልትይዝ ነው?